ከሳመር ጀልባ ወደ መጸው የዳክዬ አደን፦ በሚኒሶታ ሐይቆች ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሚኒሶታ ያለን አበሾች ሳመር ላይ ዓሣ ከምናጠምድበት ጀልባ ወደ ዳክዬ አደን ስንሻገር የሚነሱት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ሄጃለሁ።

ለዳክዬ አደን ብዬ ሌላ ጀልባ መግዛት አለብኝ?

የለባችሁም። ሳመሩን ሙሉ ዋልአይ ስታጠምዱበት የከረማችሁት ባለ 14 ወይም 16 ጫማ የአሉሚኒየም ጀልባ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነው ጀልባ ጥልቀት በሌለው ውሃና በሸምበቆ ውስጥ በደንብ ይሄዳል፣ ማዕበል ላይ ግን ይደበድባችኋል። ከፊቱ ሾል ያለው ደግሞ ትልቅ ሐይቅ ላይ ይሻላል፣ ሸምበቆው ውስጥ ለማስገባት ግን ጉልበት ይጠይቃል። ያላችሁን ይዛችሁ፣ ለእሱ የሚሆን ሐይቅ ምረጡ።

ፖንቱን (ተንሳፋፊ ቱቦዎች ላይ የተሠራው ሰፊ የሽርሽር ጀልባ) ለዚህ ሥራ አይሆንም። ታንኳና ካያክ ትንሽ ኩሬ ላይ ጥሩ ናቸው፣ ግን ወደ ጎን ዞሮ መተኮስ በቀላሉ ይገለብጣል። ልምድ ሳይኖራችሁ በዚያ አትጀምሩ።

ወቅቱ መቼ ነው የሚከፈተው?

ዋናው ወቅት አብዛኛውን ጊዜ በሴፕቴምበር መጨረሻ ቅዳሜ ቀን ይከፈታል፣ በእኛ አቆጣጠር የመስቀል ሰሞን ማለት ነው። ግዛቱ ሰሜን፣ መሃልና ደቡብ ተብሎ በሦስት ዞን ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ዞን የራሱ ቀን አለው፣ አንዳንዱም መሃል ላይ ለጥቂት ቀናት ሊዘጋ ይችላል። ቀኖቹ በየዓመቱ ስለሚለዋወጡ የዚያን ዓመት የዲኤንአር (የግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት) የአደን መመሪያ ከድረ ገጹ አውርዳችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። ያምናው አይሠራም።

በቀን ውስጥ ደግሞ መተኮስ የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ እስክትጠልቅ ነው። ደቂቃው ይቆጠራል። ሰማዩ ገና ስለበራ ብቻ መተኮስ የለም፣ የየአካባቢው የፀሐይ መውጫ ሰንጠረዥ መመሪያው ላይ አለ።

ምን ምን ፈቃድ ያስፈልገኛል? የዓሣ ፈቃዴ አይበቃም?

አይበቃም። የሚያስፈልጋችሁ የትናንሽ እንስሳት የአደን ፈቃድ፣ የሚኒሶታ የውሃ ወፍ ቴምብር (ከ18 እስከ 64 ዓመት ላላችሁ) እና 16 ዓመት ለሞላው ሁሉ የፌዴራል የዳክዬ ቴምብር ነው። የፌዴራሉ 25 ዶላር ነው፤ ወረቀቱን ከያዛችሁ ፊቱ ላይ በእስክሪብቶ መፈረም ግዴታ ነው፣ ያልተፈረመ ቴምብር እንደሌለ ይቆጠራል። ይህ ቴምብር ከ1934 ጀምሮ አለ። ገንዘቡ ከሞላ ጎደል በሙሉ ዳክዬዎቹ የሚዋለዱበትን ረግረጋማ መሬት ለመግዛትና ለመጠበቅ ይውላል፣ ስለዚህ እኔ ስከፍል ደስ ከሚለኝ ጥቂት ክፍያዎች አንዱ ነው። ፈቃዱን ስትገዙ ደግሞ ስደተኛ ወፍ እንደምታድኑና እንደማታድኑ ይጠይቋችኋል። «አዎ» በሉ። ይህ ነጻ ምዝገባ ነው፣ ግን ካልተመዘገባችሁ ፈቃዳችሁ ጎደሎ ነው።

ከዲሴምበር 31, 1979 በኋላ የተወለደ ሰው ፈቃድ ለመግዛት የጠመንጃ ደህንነት ሰርተፍኬት ያስፈልገዋል። ኮርሱን አሁኑኑ ጀምሩት፣ መክፈቻው ሲቃረብ የመስክ ቀኑ ይሞላል። ኮርሱን ያልጨረሰ ሰው ፈቃድ ካለው አዳኝ ጋር እንደ ተለማማጅ የሚወጣበት መንገድም አለ፣ ግን በሕይወት ዘመን ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። በነዋሪ ዋጋ ለመግዛት ደግሞ ሚኒሶታ ውስጥ ቢያንስ 60 ቀን መኖር ያስፈልጋል።

ጀልባውን የሚነዳውንም አትርሱ። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ወጣት ነጂዎች የጀልባ ትምህርት ወስደው ፈቃድ መያዝ አለባቸው። መጀመሪያ የተጀመረው ከጁን 30, 2004 በኋላ በተወለዱት ነው፣ ግን በየዓመቱ ወደ ኋላ እየሰፋ በ2028 ከጁን 30, 1987 በኋላ የተወለዱትን ሁሉ ይይዛል።

ጀልባውን እንዴት ነው የማዘጋጀው?

መጀመሪያ የሳመሩን ኮተት አውጡ። የዓሣ ዘንግ፣ ወንበር፣ የመጠጥ ማቀዝቀዣ፣ ጃንጥላ፣ ሁሉም ቤት ይቅር። ከዚያ ጀልባው ጎን ላይ የተለጠፈውን የክብደት ልክ አንብቡ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ወፍራም ልብስ ለብሰው፣ ጠመንጃና ጥይት ይዘው፣ ሁለት ከረጢት የፕላስቲክ ዳክዬ (እውነተኞቹን ለማታለል ውሃ ላይ የሚንሳፈፉት) ከነመልህቃቸው ሲጫን ክብደቱ ከሳመሩ ሽርሽር ጋር አይወዳደርም። ውሻ ካለ ደግሞ ውሻው እንደ ዕቃ አይቀመጥም፣ ወፍ ባየ ቁጥር ይነሳል። ከባዱን ዕቃ ዝቅ አድርጋችሁ መሃል ላይ አስቀምጡት፣ ከልኩ ካለፈ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ።

የሚያብለጨልጭ አሉሚኒየም ዳክዬን ከሩቅ ያባርራል። ደብዘዝ ያለ ቡናማ ወይም የወይራ ቀለም ቀቡት፤ የምዝገባ ቁጥሩ ላይ ግን አትቀቡ፣ ለሚቀጥለው ሳመር ያስፈልጋችኋል። ለመደበቂያ ውድ ነገር መግዛት አያስፈልግም። ከቀጭን የብረት ቱቦ ቀላል ክፈፍ ሠርታችሁ መረብ አልብሱትና ያን ሐይቅ የሚመስል ደረቅ ሣር እሰሩበት። ቁመቱ ስትቀመጡ ዓይናችሁ ድረስ ይሁን። ከዚያ ከፍ ካለ ነፋስ እንደ ሸራ ይይዘዋል።

አንድ ትንሽ ነገር ላይ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚረሳው ስለሆነ። ሚኒሶታ ውስጥ ጀልባ መንገድ ላይ ሲጎተት ከታች ያለው የውሃ ማፍሰሻ ውታፍ መነቀል አለበት፣ ሕግ ነው። ሳመር ላይ በጠራራ ፀሐይ ትደርሳላችሁ፣ ታዩታላችሁ፣ ትወትፉታላችሁ። ኦክቶበር ላይ ግን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጨለማ ነው፣ እጅ ደንዝዟል፣ ከኋላ ሌላ መኪና መብራት አብርቶ ይጠብቃል። ጀልባው ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ትንሽ ትሄዳላችሁ፣ ከዚያ እግራችሁ ሥር ውሃ ይሰማችኋል። ውታፉን ከሞተሩ ቁልፍ ጋር እሰሩት። ቁልፉን ሳትይዙ መነሳት ስለማትችሉ ውታፉንም አትረሱም።

ሞተሩ በብርድ አይበላሽም?

ከተያዘ አይበላሽም። የውጭ ሞተር ከውሃ ሲወጣ ቀጥ ብሎ ከቆመ ውስጡ ያለው ውሃ ራሱ ይፈሳል። ስለዚህ ስትጨርሱ ተጎታቹ ላይ እንዳለ ወደ ታች አውርዱትና ውሃው ይውጣ፣ ከዚያ ለመንገድ አንሱት። አጋድማችሁ ብትተዉት ውስጡ የቀረው ውሃ በሌሊት በረዶ ይሆናል። በረዶ ደግሞ ብረት ይሰነጥቃል። የታችኛውን የማርሽ ዘይትም ከወቅቱ በፊት እዩት፤ ወተት መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፣ መካኒክ ይየው። ሞተሩ ጀልባው ውስጥ የሆነ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። እሱ ያለ አንቲፍሪዝ አንድ ብርዳማ ሌሊት አይችልም፣ ከመጀመሪያው ውርጭ በፊት ለክረምት ተዘጋጅቶ ይቀመጥ።

ባትሪ በብርድ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ሞልታችሁ ውጡ። ቤንዚኑ ላይ እንዳይበላሽ የሚያቆየውን ፈሳሽ ጨምሩ። ፕሮፔለሩ ሣር ሲጠመጠምበት ሞተሩ ይግላል፤ አጥፍታችሁ አጽዱት፣ ከዚያ በረጅም እንጨት እየገፋችሁ ግቡ። መቅዘፊያ ሳትይዙ ደግሞ አትውጡ። የፊት ቀይና አረንጓዴ እንዲሁም የኋላ ነጭ መብራት በጨለማ ግዴታ ነው፣ ከቤት ሳትነሱ ሞክሯቸው።

ዋና እችላለሁ። ላይፍ ጃኬት የግድ መልበስ አለብኝ?

ልበሱት። ሕጉ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጃኬት ጀልባው ላይ ይኑር ይላል፣ እንዲለበስ የሚያስገድደው ከ10 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ነው። 16 ጫማና ከዚያ በላይ የሆነ ጀልባ ደግሞ የሚወረወር መንሳፈፊያም ያስፈልገዋል። እኔ የምላችሁ ግን ከሕጉ በላይ ነው፤ ከመኪና ወርዳችሁ ጀልባው ላይ እግራችሁን ስታነሱ ጃኬቱ ተቆልፎ ይሁን፣ ስትመለሱም እስክትወርዱ አይፈታ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሳመር ላይ ብትወድቁ ትስቃላችሁ። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ውሃው ከ50 ዲግሪ ፋራናይት በታች ይወርዳል። እዚያ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ትንፋሹን መቆጣጠር አይችልም፣ ሳይፈልግ ይስባል፣ ጭንቅላቱ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። ይህን ካለፈ ጣቶቹና ክንዶቹ የሚታዘዙት ለ10 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የጀልባውን ጠርዝ መያዝ እንኳ ያቅታል። ራሱን ለመሳት ግን አንድ ሰዓት ያህል ይወስድበታል። ጃኬት የለበሰ ሰው ያን አንድ ሰዓት አለው፣ ያልለበሰ የለውም። ዋና መቻል እዚህ አይጠቅምም፣ የሚዋኙት ክንዶች ሥራ ያቆማሉ።

እዚህ አገር አዛውንት አዳኞች እስካሁን የሚያነሱት ቀን አለ፦ ኖቬምበር 11, 1940። የበዓል ቀን ነበር፣ ጠዋቱ ሞቃት ነበር፣ ብዙ ሰው ቀለል ያለ ጃኬት ለብሶ ወደ ሚሲሲፒ ወንዝ ደሴቶች ወጣ። ዳክዬው እንደ ጉድ ይበር ነበር፣ ምክንያቱም ከኋላው የሚመጣውን ማዕበል እየሸሸ ነበር። ከሰዓታት በኋላ ነፋሱና በረዶው ደረሰ፣ ሙቀቱ ወረደ፣ በትናንሽ ጀልባ መመለስ አልተቻለም። ሚኒሶታ ውስጥ 49 ሰዎች ሞቱ፣ ግማሽ ያህሉ የዳክዬ አዳኞች ነበሩ። ዛሬ የአየር ትንበያ ኪሳችን ውስጥ አለ። ነፋስ ይበረታል ካለ ትልቁን ሐይቅ ትታችሁ ትንሹን ምረጡ፣ ወይ እቤት ዋሉ።

የምትሄዱበትንና የምትመለሱበትን ሰዓት ቤት ላለ ሰው ንገሩ። ስልኩን ውሃ በማያስገባ ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ ሰውነታችሁ ላይ ያዙት፣ ጀልባው ውስጥ ያለ ስልክ ጀልባው ሲገለበጥ አብሮ ይሄዳል። የሞተር ማጥፊያዋን ገመድም ነጂው ልብሱ ላይ ይሰካት። በተሸፈነ መደበቂያ ውስጥ የጋዝ ማሞቂያ አታንድዱ፣ ሽታ የሌለው ጭሱ ይገድላል።

ምን ዓይነት ጠመንጃና ጥይት ነው?

ባለ 12 ወይም ባለ 20 ጌጅ ሾትጋን። በድምሩ ከሦስት ጥይት በላይ እንዳይዝ ማገጃ ሊኖረው ይገባል፤ አብዛኛው አዲስ ጠመንጃ ማገጃው አብሮት ይመጣል፣ ግን ገዛሁ ብላችሁ አትመኑ፣ አራተኛ ጥይት አስገብታችሁ ሞክሩ። ጥይቱ እርሳስ መሆን የለበትም። ከ1991 ጀምሮ በመላ አሜሪካ የውሃ ወፍ በእርሳስ ማደን ክልክል ነው፣ ዳክዬዎች ከጭቃው ውስጥ እየለቀሙ ይመረዙበት ስለነበር። የብረት ጥይት ቁጥር 2፣ 3 ወይም 4 ውሰዱ። ከአሮጌ ሰው የተገዛ ወይም የተሰጠ ጠመንጃ ከሆነ ብረት መተኮስ መቻሉን ጠመንጃ ሠሪ ይይላችሁ። ኪሳችሁ ውስጥ አንድ የእርሳስ ጥይት ቢገኝ እንኳ ጥፋት ነው፣ ያምናውን ጃኬት ኪስ ፈትሹ።

ከ35 ያርድ በላይ አትተኩሱ። አቁስሎ መልቀቅ ያሳዝናል።

ጀልባው እየሄደ መተኮስ ይቻላል?

አይቻልም። ሞተሩ መጥፋት ብቻ አይበቃም፣ በሞተሩ ግፊት የሚሄደው ጉዞም ጨርሶ መቆም አለበት። የሞተ ወይም የቆሰለ ወፍ ለማምጣት በሞተር መሄድ ይፈቀዳል፣ ግን እየሄዳችሁ ያን ቁስለኛ መተኮስ አይፈቀድም። የእኔ ደንብ ቀላል ነው፦ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ጠመንጃው ባዶ ሆኖ ማኅደሩ ውስጥ ይቆያል።

ሳመሩን ለለመደ ሰው ትልቁ ለውጥ ይህ ነው፤ ጀልባው መጓጓዣ መሆኑ ቀርቶ ቁጭ የሚባልበት ቦታ ይሆናል። ሁለት ተኳሾች ካላችሁ ማን ወደ ግራ ማን ወደ ቀኝ እንደሚተኩስ ጨለማ ሳለ ተስማሙ። ተቀምጣችሁ ተኩሱ። መነሳት ካለ አንድ ሰው ብቻ ይነሳ፣ ሌላው ጠመንጃውን ያውርድ። ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ተነስቶ ወደ አንድ ጎን ሲተኩስ ጀልባው ይገለበጣል።

የትኛው ሐይቅ ላይ ነው የሚፈቀደው? ሳመር ላይ የምሄድበት ይሆናል?

ብዙ ጊዜ አይሆንም። ሚኒሶታ 10 ኤከርና ከዚያ በላይ የሆኑ 11,842 ሐይቆች አሏት፣ ግን ሚኒያፖሊስ ውስጥ ያሉት እንደ ቢዴ ማካ ስካ እና ሃሪየት ያሉት ለአደን አይደሉም፤ በከተማ ክልል ውስጥ ያለ ሐይቅ ላይ የከተማውን የተኩስ ሕግ ሳታዩ አትውጡ። ጥልቅ፣ ንጹህና ለዋና የሚያምር ሐይቅ ለዳክዬ አይስማማም። ዳክዬ የሚወደው ጥልቀት የሌለው፣ ጭቃማ፣ ፊላና የዱር ሩዝ የሞላበት ውሃ ነው። ሳመር ላይ «ይሄ ረግረግ ነው» ብላችሁ የተዋችሁት ጥግ መጸው ላይ ወርቅ ነው። ስለዚህ ኦገስት ላይ ዓሣ ለማጥመድ ስትወጡ ጥጉን ሁሉ እዩ፣ ድንጋዩ የት እንዳለ፣ ውሃው የት እንደሚያጥር ምልክት ያዙ። በጨለማ ስትመጡ መንገዱን የምታውቁት ያኔ ነው።

ሌላም ሕግ አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። በሚኒሶታ በተከፈተ ውሃ መሃል ቆሞ ማደን በአብዛኛው ክልክል ነው፣ በከፊል እንኳ የሚሸፍን የተፈጥሮ ሸምበቆ ወይም ሣር ውስጥ መሆን አለባችሁ። የማይመለከታቸው ጥቂት ትልልቅ ውሃዎች በስም መመሪያው ላይ ተዘርዝረዋል። በወቅቱ ሞተር የሚከለከልባቸው የዳክዬ ማረፊያ ሐይቆችም አሉ። በዳክዬ ቴምብር ገንዘብ የተገዙት የፌዴራል የውሃ ወፍ መሬቶችና የግዛቱ የዱር እንስሳት ቦታዎች ግን በአብዛኛው ለሁሉም ክፍት ናቸው፣ ከእነሱ ጀምሩ።

ዳርቻው ላይ ያለው እርሻ የግል ነው። ምልክት ባይለጠፍበትም ሳታስፈቅዱ አትርገጡት። የኦጂብዌ ሕዝብ (የአገሩ ነባር ሕዝብ) ግዛት ውስጥ ደግሞ ሌላ ሕግ አለ። ለምሳሌ የሬድ ሌክ ጎሳ ውሃ ለጎሳው አባላት ብቻ ነው። በሴፕቴምበር የዱር ሩዝ የሚያጭዱ ሰዎች ካያችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ ከሩዙ ራቁ። ለእነሱ ያ እህል የተቀደሰ ነው፣ እኛ ጤፍ ማሳ ውስጥ መኪና ቢገባብን እንደምንቆጣው ነው።

የፕላስቲክ ዳክዬዎቹን እንዴት ነው የማስቀምጠው?

ደርዘን ይበቃል። ዳክዬ የሚያርፈው ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ነው። ስለዚህ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጉና ማታለያዎቹን ከፊታችሁ በሁለት ቡድን በትኑ፣ መሃል ላይ ባዶ ቦታ ተዉ። ወፎቹ እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ለማረፍ ይመጣሉ። ከጀልባው ከ30 ያርድ አይራቁ። ገመዳቸው እንዳይጠላለፍ በደንብ ጠቅልሉ፣ የተጠላለፈ ገመድ በቀዘቀዘ እጅ መፍታት ጠዋታችሁን ይበላል።

ማባበያ እህል መበተን ፈጽሞ ክልክል ነው። ሌላ ሰው የበተነበት ቦታም ቢሆን እህሉ ከተነሳ 10 ቀን እስኪሞላው ማደን አይቻልም። በኤሌክትሪክ የሚጮህ የዳክዬ ድምፅም አይፈቀድም። በአፍ የሚነፋው ግን ይቻላል፤ ለጀማሪ ትንሽ መንፋት ይሻላል። ማታለያዎቹን ሐይቁ ላይ ትታችሁ አትደሩ።

ስንት መግደል ይቻላል? ዓይነታቸውንስ በጨለማ እንዴት እለያለሁ?

በቅርብ ዓመታት የቀን ልኩ ስድስት ዳክዬ ነው፣ ግን በዓይነት በዓይነት ሌላ ልክ አለ። ለምሳሌ ማላርድ ከሚባለው ዳክዬ ሴቶቹ የሚፈቀዱት ከወንዶቹ ያነሱ ናቸው። ስለዚህ መለየት ግዴታ ነው። መልሱ ቀላል ነው፦ ካልለያችሁ አትተኩሱ። ሳመር ላይ ጀልባ ላይ ሆናችሁ በባይኖኩላር መለማመድ ትችላላችሁ። በመጸው ላባቸው ገና ስላልተለወጠ ወንዱም ሴት መስሎ ሊታይ ይችላል፣ ስለዚህ ከቀለም ይልቅ የክንፍ ቅርጽና የአበራረር ሁኔታ ተማሩ። ስትመለሱ በእያንዳንዱ ወፍ ላይ ጭንቅላቱ ወይም አንድ ሙሉ ላባ ያለው ክንፍ ቤት እስክትደርሱ ይቆይ፣ ተቆጣጣሪው ዓይነቱን የሚለየው በዚያ ነው።

ብዙዎች «እነዚህ ዝዋይ ላይ የምናያቸው ናቸው?» ይሉኛል። እንደ ፒንቴይልና ሾቭለር ያሉ ዓይነቶች ሁለቱም ጋ አሉ፣ ግን ወፎቹ አንድ አይደሉም። ከሚኒሶታ የሚያልፉት አብዛኞቹ የሚሲሲፒን መንገድ ተከትለው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ላይ የሚከርሙት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ናቸው።

በሁለት ሐይቅ መካከል ጀልባውን ማጽዳት መጸው ላይም ግዴታ ነው?

አዎ፣ እንዲያውም መጸው ላይ ይብሳል። ሳመር ላይ ሣር የሚይዘው ተጎታቹና ፕሮፔለሩ ነው። አሁን ግን መልህቅ፣ የማታለያ ገመድ፣ የጎማ ሱሪ፣ መደበቂያ ሣር፣ የውሻው ፀጉር ሳይቀር ጭቃና ዕፅዋት ይይዛል። ሣሩን ልቀሙ፣ ውሃውን አፍስሱ፣ ውታፉን ንቀሉ፣ ሁሉንም አድርቁ። ችግሩ ዘብራ ሙሰል (ጀልባ ላይ ተጣብቆ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ የሚዛመተው ባለ ዛጎል) ብቻ አይደለም። ፎሴት ስኔል የሚባል ትንሽ ቀንድ አውጣ በውስጡ ጥገኛ ተሕዋስ ይዞ በዊኒቢጎሺሽ ሐይቅ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ዳክዬዎችን ገድሏል። የምናድነውን ወፍ ራሱን የሚገድል ነገር በጫማችን ተሸክመን አንዞር።

ሥጋውን መብላት ይቻላል? ለጓደኛ መስጠትስ?

የእምነቱን ነገር በተመለከተ፣ ብዙ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ዳክዬ አይበላም፣ በጥይት የወደቀ ሥጋም ጥያቄ ያስነሳል። ሳትወጡ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ሳይበሉ መግደል በሕግም በሕሊናም አይሆንም፣ የታደነውን ማባከን ሚኒሶታ ውስጥ ያስቀጣል። ለሙስሊም ወገኖቻችን ሲተኩሱ «ቢስሚላህ» ማለትና ነፍስ እያለው ከደረሱበት ማረድ የተለመደ ነው፣ ዝርዝሩን ለኢማማችሁ ተዉት። ለሚጾም ሰው ወቅቱ ይመቻል፤ ከረቡዕና ዓርብ በስተቀር አብዛኛው የሚያልፈው ጾመ ነቢያት ኖቬምበር 24 ሳይገባ ነው።

የዱር ዳክዬ ቀይ ሥጋ ነው፣ ከዶሮ ይልቅ ወደ ጉበት ያደላል። ጡቱን ሌሊቱን በጨው ውሃ አሳድሩት። እግሩን በሽንኩርትና በበርበሬ ቀስ ብሎ የበሰለ ወጥ አድርጉት፣ እኔ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። የወፍ ጉንፋን ስላለ ጓንት አድርጋችሁ ገሽልጡ፣ ውስጡ 165 ዲግሪ ፋራናይት እስኪደርስ አብስሉ። እንግዳ ሲበላ ጥርሱን የሚሰብር የብረት ፍሬ ሊኖር እንደሚችል ንገሩት።

መሸጥ ክልክል ነው፣ ለምግብ ቤትም ቢሆን። ስጦታ ይቻላል፤ ከወፎቹ ጋር ስማችሁ፣ አድራሻችሁ፣ ፊርማችሁ፣ የታደነበት ቀንና ቁጥራቸው በዓይነት የተጻፈ ወረቀት ይሂድ።

ልጄን ይዤ መሄድ እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ከዋናው መክፈቻ በፊት ለወጣቶች የተለየ ቅዳሜና እሑድ ይኖራል፤ 17 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑት ያድናሉ፣ ትልቁ ሰው ጠመንጃ ሳይዝ አብሮ ይቀመጣል። ልጅ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። አየሩ ገና ሞቃት ነው፣ እናንተም ሙሉ ትኩረታችሁ እሱ ላይ ነው። ሲበርደው ተመለሱ።

ገና ዜግነት የለኝም። ጠመንጃ መያዝ ችግር ያመጣብኛል?

ይህ ጥያቄ በጆሮ ሹክ ተብሎ ነው የሚጠየቀኝ፣ ግልጽ መልስ ግን ይገባዋል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ የአደን ጠመንጃ መግዛትና መያዝ ይችላል። ያለ ሕጋዊ ፈቃድ አገር ውስጥ ያለ ሰው ግን አንድም ጥይት መያዝ አይችልም፣ ወንጀል ነው። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያላችሁ በመርህ ደረጃ ተከልክላችኋል፤ ሕጉ ውስጥ የጸና የአደን ፈቃድ ላለው ሰው የተቀመጠ ልዩ ሁኔታ አለ፣ ግን ያን ራሳችሁ ተርጉማችሁ አትግቡበት። ከባድ ወንጀል ወይም የቤት ውስጥ ጥቃት ፍርድ ያለበት ደግሞ ማንም ይሁን ማን ጉዳዩን መጀመሪያ ከጠበቃ ጋር ይጨርስ።

የጥገኝነት ጉዳያችሁ በሂደት ላይ ከሆነ ወይም በጊዜያዊ ከለላ ያላችሁ ከሆነ ጠመንጃ ከመንካታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አነጋግሩ። «ጓደኛዬ ለአንድ ደቂቃ አሲዞኝ ነው» የሚለው መልስ አያድንም፣ በእጅ መያዝ ራሱ መያዝ ነው፣ ፎቶውም ፌስቡክ ላይ ይቀራል። እስከዚያ ድረስ ያለ ጠመንጃ አብራችሁ መውጣት ትችላላችሁ፤ ጀልባ ንዱ፣ ፎቶ አንሱ፣ ሻይ አፍሉ፣ ወፎቹን መለየት ተማሩ። ወረቀታችሁ ሲያልቅ የጠመንጃ ደህንነት ኮርሱን ወስዳችሁ በራሳችሁ ፈቃድ ትወጣላችሁ።